ከፊርማ በፊት የማይበሉት ጠበቃ

ዲኬተር፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2025

ለጋሼ ተስፋጽዮን፣

«የአንድ ሰው ድምፅ ምን ይለውጣል?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ቸርች ውስጥ እኩዮቼን «መረጣችሁ?» ስላቸው «እኔ አንዱ ብቀር ምን ይጎድላል» ይሉኛል። አሁን የምሠራላቸው ሰውዬ ግን ነገሩን ገልብጠው ነው የሚጠይቁት፦ «ምንም የማይለውጥ ከሆነ፣ እኛን ለመከልከል ያን ሁሉ ድካም ለምን ደከሙ?»

ሰላምታ ሳላስቀድም ገባሁበት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? በስልክ ከመጯጯህ እንጻጻፍ ያሉት እውነትም ተሻለ። በቴሌግራም የላኩልኝን አራት ገጽ ባቡር ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእጅ ጽሑፍዎ አሁንም የፍርድ ቤት ውሳኔ ይመስላል።

የኢንሹራንሱን ሥራ ለምን ተውሽው ላሉኝ፣ አልተውኩትም፤ መጀመሪያውኑ አልጀመርኩትም። በዲሴምበር ከኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ስወጣ እቤት መቀመጥ አቃተኝ፣ ቢሮ ውስጥ መቀመጥም የሚያቅተኝ መሰለኝ። ዲኬተር ውስጥ ከአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ፎቅ ላይ ያለ አሮጌ ቢሮ «የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ ማስታወቂያ ለጥፎ አየሁና ደረጃውን ወጣሁ።

ሚስተር አልቪን ግሪር ይባላሉ። ጥቁር አሜሪካዊ ጠበቃ ናቸው፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው። ትዝታቸውን እየተናገሩ ይቀዳሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከሕግ ትምህርት ቤት በወጡ በዓመቱ፣ በ1967፣ ታልማን ካውንቲ የሚባለውን የገጠር አውራጃ ከሰው ረቱ። ካውንቲው መራጭ የሚመዘግበው በወር ሁለት ጠዋት ብቻ ነበር፤ ጥቁሮቹ ደግሞ በዚያ ሰዓት የሰው እርሻ ላይ ናቸው። ሲረቱበት ካውንቲው ሌላ ዘዴ አመጣ፤ ካውንቲውን የሚያስተዳድሩት ኮሚሽነሮች በየሠፈሩ መመረጣቸው ቀርቶ በመላው ካውንቲ ድምፅ ይመረጡ ተባለ። ጥቁሩ ሠፈር ወጥቶ ቢመርጥም የራሱን ሰው ማስገባት አልቻለም። እንደገና ከሰሱ። ይኼኛው አሥራ አራት ዓመት ፈጀ።

«ሲረግሙኝ የኖሩት ሰዎች ፓርቲ ቀይረው፣ ሸብተው፣ አብረን ፎቶ እንነሣ እያሉ መጡ» ይላሉ።

«ተነሡ?» አልኳቸው።

«ከሁለቱ ጋር። ሁለቱ ድልድይ ሠርተውልናል።»

ያ ገጠር ዛሬ መጋዘን በመጋዘን ሆኗል። የእኛም ሰዎች ቤት ገዝተውበታል፤ እህትዎም እዚያው ነች። አሁን የምርጫ ቦርዱ በሠፈሩ አዳራሽ ያለውን የምርጫ ጣቢያ ዘግቶ አውቶቡስ የማይደርስበት እሳት አደጋ ጣቢያ ሊያዛውረው አስቧል። ሚስተር ግሪር ጡረታቸውን ትተው ተነሥተዋል። ስብሰባው በኤፕሪል 10 ነው፤ የአምስት ነዋሪ የምስክርነት ቃል ያስፈልገን ነበር። አምስተኛውን ባለፈው እሑድ አገኘሁ። አክስቴ ዘውድነሽ ደህና ናት፣ ሰላም ብላዎታለች።

ልጅዎ ትንሳኤ


ደሴ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትንሳኤ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ የሚፈልገውን ብቻ መስማት ጀምሯል፤ በዚህ ዕድሜ ክፉ አይደለም።

ሃያ ስድስት ዓመት ችሎት ተቀምጫለሁ፤ ምስክር አንድ ነገር ሲሸሽግ አውቃለሁ። «አምስተኛውን አገኘሁ» እና «አክስቴ ደህና ናት» ብለሽ ሁለቱን አጎራብተሽ ጻፍሽ። ወዲያው ደወልኩላት። ሳልጠይቃት «ለልጅቷ ፈርሜላታለሁ» አለችኝ። ወረቀቱ ምን ይላል ስላት «ትንሳኤ ታውቃለች» አለች። ሦስቴ ጠየቅኳት፤ ሦስቴም መልሷ ያው ነው። እንግዲህ አንቺ ካወቅሽ ለእኔም ንገሪኝ።

ዘውድነሽ እንቢ ማለት አታውቅም። ለማንም ቢሆን። እናትሽ ካረፈች ጀምሮ ላሳደገችሽ ለአንቺማ ጭራሽ። በችሎት መጀመሪያ የምጠይቀውን ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ባለቤቱ ማነው?

«ሺፍት» የምትሉትንም አስረጂኝ። «ሺፍቴን እንዳይነኩብኝ እንጂ» ስትል ሰምቻታለሁ።

አጎትሽ ተስፋጽዮን


ዲኬተር፣ ማርች 2 ቀን 2025

ለጋሼ፣

ሺፍት የሥራ ተራ ነው። ሌላውን እንዴት እንደምጽፈው ሦስት ቀን ተጨነቅኩ። ይቅርታ ብዬ ልጀምር ብዬ ነበር፤ ይቅርታውን ካስቀደምኩ ግን የሆነውን አለስልሼ የምነግርዎት መስሎ ታየኝ።

እሑድ ከቸርች መልስ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ወረቀቱን ያወጣሁት ሳህኖቹ መሃል ነው። «ላንብብልሽ?» አልኳት። «ወጡ ይቀዘቅዛል። አንቺ ካልሽ አለቀ» አለችና እጇን በፎጣ ጠርጋ ፈረመች። አቅፌ ሳምኳት። ከእርስዎ የምደብቀው የለም፤ ያን ቀን እንድታነበው አልፈለግኩም። ካነበበች ታመነታለች፣ ካመነታች ደግሞ አራት ሰው ይዤ ልቀር ነው ብዬ ቸኮልኩ።

የነርሲንግ ሆሙ ባለቤት የካውንቲው ኮሚሽነር ነው። ጣቢያው ይዘጋ ብሎ ሐሳቡን ያቀረበውም እርሱ ነው። አላወቅኩም። አልጠየቅኩም። ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ባለቤቱን ለማወቅ የፈጀብኝ ሁለት ደቂቃ ነው። ወረቀቱ ግን ለቦርዱ ገብቷል፤ ስሟ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል።

ለሚስተር ግሪር በማግስቱ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ስል የድምፅ መቅጃውን አጠፉት። እስከዚያ ድረስ በልቻለሁ ወይ፣ ባቡሩ ተጨናንቆ ነበር ወይ እያሉ የሚጠይቁኝ ሰው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ የትዝታቸውን ምዕራፍ ሰባት ነገሩኝ፤ እስካሁን እየዘለልን ወደ ስምንት ያለፍነውን።

በ1967 እርሳቸውም ምስክር ሲያሰባስቡ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራ ሚስ ኦዴሳ የምትባል ሴት ቤት ሁለት ሳምንት አድረዋል። ማለዳ ቁርስ፣ ማታ እራት። ወረቀቱን ያቀረቡላት እዚያው በበሉበት ጠረጴዛ ላይ ነው። «እንግዳዋ ነበርኩ» አሉኝ። «በአገሬ እንግዳን እንቢ የምትል ሴት አላውቅም።» ፈረመች። ክሱን ረቱ፣ ፎቷቸው ጋዜጣ ላይ ወጣ። እርሷ ከሥራዋ ተባረረች፣ ከተከራየችውም ቤት ውጪ ተባለችና ወጣች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሄደው ሊያዩአት አልደፈሩም።

ከዚያ ወዲህ ምስክር ቤት ሄደው ከፊርማ በፊት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ምስክሩ ሊያጣ የሚችለውን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ያነቡለታል፤ ወረቀቱን ትተውለት ይሄዳሉ፤ በሦስተኛው ቀን ይመለሳሉ።

«ይህን ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ምዕራፍ ሰባት ላይ አለ።»

«ምዕራፍ ሰባት እኮ አልተጻፈም።»

«አዎ» አሉ። «አልተጻፈም።»

ትንሳኤ


ዲኬተር፣ ማርች 16 ቀን 2025

ለጋሼ፣

መልስዎ አልመጣም። እየተቆጡ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ ታመው ይሆን ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ ደግሞ ቢቆጡ ይሻላል አልኩ። እጄ ሥራ ፈት ሲሆን ስለሚብስብኝ ይኸው ደግሞ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

አክስቴ ለእርስዎ እንዳልነግር ቃል አስገብታኝ ነበር፤ ቃሌን ማፍረሴ ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ስሟ ሥራ ሰሌዳው ላይ የለም። አላባረሯትም። ስትደውል «ለጊዜው ሺፍት የለም» ይሏታል። ዘጠኝ ዓመት ያለ ፈቃድ አንድ ቀን ቀርታ የማታውቅ ሴት አሁን እቤቷ በቀን ሦስቴ ወለል ታጥባለች።

ትናንት ሚስተር ግሪርን ይዣቸው ሄድኩ። እኔ ነኝ ድራይቭ ያደረግኩት። ምን እንደሚያስቡ ለአክስቴ አስቀድሜ ልነግራት ሞክሬ ነበር፤ ሽማግሌ እንግዳ ይመጣል ከሚለው በቀር የሰማችኝ አይመስለኝም። ከዋዜማው ጀምራ ስትሠራ አድራለች። ጎመኑ፣ ሥጋው፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ከወጥ ቤት ሠራተኞቹ የተማረችው የበቆሎ ዳቦ ሳይቀር። ሰውዬው ገቡ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፣ «አመሰግናለሁ፣ አልበላም» አሉ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «ስኳር አለባቸው?»

«የለባቸውም።»

«ጾም ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምኔን ንቀው ነው?»

«ምን አለች?» አሉኝ። በቀጥታ ተረጎምኩላቸው፤ ከእንግዲህ ማለስለሱን ትቻለሁ።

«የዳቦው ሽታ እያሠቃየኝ ነው በያት» አሉ። «ግን ከበላሁ በኋላ የምጠይቃት ነገር ጥያቄ አይሆንም።»

አክስቴ ስትሰማ ቆይታ ሳህኑን ወደ እርሳቸው ትንሽ ገፋ አደረገችው። እርሳቸው ትንሽ መለሱት። ሁለቱም እንደዚያ ሲያደርጉ ሳቄ መጣ፤ አክስቴ ግን ስታየኝ ዋጥኩት።

ከዚያ ሥራቸውን ጀመሩ። የፈረመችውን ወረቀት ለቦርዱ በጻፉት ደብዳቤ ማንሣታቸውን ነገሯት፤ ስሟ ከኢንተርኔት እንደማይጠፋም አልሸሸጉም። ዝርዝሩን አነበቡ፣ እኔ ተረጎምኩ። ሥራዋ። ሌላ ቦታ ስትጠይቅ ከዚህ ቤት የሚጻፍላት ምስክር ወረቀት። አብረዋት የሚሠሩት፣ መንገድ ላይ ሲያዩዋት ሊሸሹ የሚችሉት። የምትንከባከባቸው አረጋውያን፣ ዳግም ላታገኛቸው የምትችላቸው። መጨረሻውን ልዘለው ሞከርኩ፤ «በዚህች ልጅ ላይ ያለዎት እምነት» ይላል። እርሳቸው ግን «ተርጉሚ» አሉኝ። ተረጎምኩ።

አክስቴ ወረቀቱን ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ስንወጣ አንድ ትሪ ምግብ በፎይል ጠቅልላ መኪናው ድረስ ተከተለችን። ሚስተር ግሪር በሩን ዘግተው መስታወቱን ከፍ አደረጉ። ዲኬተር ስንደርስ ትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ተገኘ። መቼ እንዳስገባችው ሁለታችንም አናውቅም። እርሳቸው ደረጃውን ወጡ፤ እኔ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ብቻዬን በላሁ።

ሦስተኛው ቀን ማክሰኞ ነው። ምን ላድርግ? ዝም ልበላት? ወይስ እንቢ በይ ልበላት? ምንም ብላት «አንቺ ካልሽ» እንዳትለኝ ፈራሁ።

ትንሳኤ


ደሴ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትንሳኤ፣

ስሟ ከምስክርነቱ ከወጣ ይበቃል፤ ተመልሶ እንዳይገባ። ይህን የምጽፈው እንደ ታላቅ ወንድሟ ነው። ንገሪያት።

እስከዚህ ጽፌ ወረቀቱን ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ ተውኩት።

ጠበቃሽ ያችን ሴት አሥራ አንድ ዓመት አላያትም አልሽ። እኔ ዘውድነሽን ካየሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሚያዳምጠኝ ዳኛ ቢኖር የምናገረውን ለአንቺ ልጻፈው። ዲቪውን የሞላሁላት እኔ ነኝ፣ በ1997 ዓ.ም.። ፎቶውን ለመታወቂያ ነው ብዬ አስነሣኋት። ዕጣው ሲወጣ ነው የነገርኳት። ወልድያ አማርኛ ታስተምር ነበር። ክፍሏ ውስጥ ድምፅዋን ሳታነሣ እንኳ ዝም የማይል ተማሪ አልነበረም፤ እኔ ራሴ በመስኮት ቆሜ ሰምቻታለሁ። እህታችን በዚያው ዓመት ዐርፋ ስለነበር፣ ለአንቺም ለእርሷም የሚበጀውን እኔ አውቃለሁ አልኩ። «አንተ ካልክ» አለችኝ። ትንሿን አንቺን ይዛ ሄደች።

ስትሄድ አልከፋትም ነበር እያልኩ ስናገር ኖሬያለሁ። እውነቱ፣ አልጠየቅኳትም።

ስለዚህ ስሟ በእኔ ቃል አይግባ፣ በእኔ ቃልም አይውጣ። የላይኛውን መስመር ያልሰረዝኩት እንድታዪው ነው። ምን ላድርግ ላልሽው፣ የምሰጥሽ መልስ የለኝም። ይህን ደብዳቤ ለእርሷ ማሳየትሽን ለአንቺ እተወዋለሁ። ደፍሬ ግን ስጪያት አልልሽም።

ተስፋጽዮን


ዲኬተር፣ ማርች 30 ቀን 2025

ለጋሼ፣

ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፣ አጣጥፋ የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ «ፎቶው ለመታወቂያ እንዳልነበረ ያኔውኑ አውቄያለሁ» አለችኝ። ጎመን መክተፏን ቀጠለች።

ሚስተር ግሪር ማክሰኞ ሲመጡ «አልጨረስኩም» ብላ መልሳቸው ነበር። ዓርብም እንደዚሁ። በሦስተኛው ጊዜ በር ላይ ቆመው «ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው» ሲሏት ሳቀች፤ ወር ሙሉ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። የዚያን ቀንም ግን ሳትፈርም ሸኘቻቸው። ደብዳቤዎ የደረሰው በማግስቱ ነው።

ሰኞ ማታ ጠርታኝ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው እኔ ጽፌው የነበረውን የመጀመሪያውን ወረቀት ነው፤ ኮፒውን ጠብቃ ኖሯል። በቀይ እስክሪብቶ ሞልታዋለች። ጋሼ፣ ለተማሪዎችዋ አዘንኩላቸው።

«ይኼ “እፈራለሁ” ያልሽው ምንድነው?» አለችኝ። «ስፈራ የት አየሽኝ?»

«እንዲያዝኑልሽ ብዬ ነው።»

«ለምን ያዝኑልኛል? ዜጋ አይደለሁም?»

ምን መባል እንዳለበት እርሷው ነገረችኝ፣ እኔ ጻፍኩ። በምርጫ ቀን ሁሌም ሥራ አትገባም፤ ዕረፍቷን ትወስዳለች። ከነርሲንግ ሆሙ ሰባት አረጋውያንን በተራ በተራ መንገድ አሻግራ አዳራሹ ድረስ ትወስዳቸዋለች፣ አራቱን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች። ጣቢያው ወደ እሳት አደጋው ቢዛወር አንዳቸውም መድረስ አይችሉም። ስማቸውን ትታ ዕድሜያቸውን ተናገረች። ከአንድ ወር በላይ ምስክር ፍለጋ ካውንቲውን ስዞር ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ በየሳምንቱ እሑድ ምሳ የምበላበት ቤት ነበር። አንድም ቀን «አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» ብዬ አልጠየቅኳትም።

«የነርሲንግ ሆሙን ስም እንሰርዘው» አልኳት። «ያባርሩሻል።»

«ታዲያ አረጋውያኑን የምገፋቸው ከየት ነው፣ ከሰማይ?»

«አክስቴ...»

«ዝርዝሩን አንብቤዋለሁ» አለች። «መጀመሪያው ላይ የተጻፈው እርሱ ነው። አንብቤ ነው የምፈርመው።»

ረቡዕ ሚስተር ግሪር ፊት ፈረመች። እርሳቸውም ባርኔጣቸውን ሶፋው ላይ አስቀምጠው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ፤ የበቆሎ ዳቦውን አራት ጊዜ ጨመረችላቸው። ሲወጡ መኪናው ውስጥ መቅጃውን አብርተው «ምዕራፍ ሰባት» አሉ፤ እስከ ዲኬተር ድረስ አላቆሙም። መንገዱን ሁለት ጊዜ ሳትኩት።

ወረቀቱ በማግስቱ ለቦርዱ ገባ፤ ዓርብ ከነርሲንግ ሆሙ ደብዳቤ መጣላት። ዩኒፎርሟንና ቁልፉን እንድትመልስ። ሚስተር ግሪር ለዚህም ክስ እያዘጋጁ ናቸው፤ እንደሚረቱ ግን ቃል አልገቡላትም፤ እርሷም ቃል አልጠየቀቻቸውም። ለአረጋውያኑ የስንብት ካርድ ስትጽፍ አገኘኋት። ሰባት ካርድ። ማዘኗን አልደብቅዎትም፤ መጸጸቷን ግን አላየሁም። እኔ ነኝ ተቀምጬ መብላት ያቃተኝ፤ እየተነሣሁ መስኮት ጋ ስቆም «ተቀመጪ፣ ወለሉን አታድክሚው» ትለኛለች።

ሐሙስ ኤፕሪል 10 ቦርዱ ፊት ትቆማለች። ምን እንደሚወስኑ አናውቅም። አዳራሹ ውስጥ አጠገቧ ቆሜ የምተረጉምላት እኔ ነኝ ብዬ ነበር፤ «በራሴ እንግሊዝኛ ነው የምናገረው፣ አንቺ ትጨምሪበታለሽ» አለችኝ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ትናንት ደብዳቤዎን ከኪሷ አውጥታ እንደገና ስታነበው አይቻለሁ። «ወንድሜ ወይ ይነግረኛል፣ ወይ ይመክረኛል፣ አሁን ደግሞ ይቅርታ ይለኛል» አለች። «ጠይቆኝ ግን አያውቅም።» ጋሼ፣ ከሐሙስ በፊት ይጻፉላት። በእኔ በኩል አይሁን፤ ለእርሷ በስሟ ይላኩላት። ምክርም ይቅርታም አይጨምሩበት። ያኔ በ1997 ሊጠይቋት ይገባዎት የነበረውን ጥያቄ ይጠይቋት፣ መልሷን ደግሞ ይጠብቁ። ቢዘገይም ይጠብቁ፤ ሦስት ቀን አይበቃትም።

ልጅዎ ትንሳኤ